ነፍስ ለራሷ ስለምትፈጥረው ማመካኛ

በአላህ ስም፤ እጅግ ርኅሩኅ እጅግ አዛኝ በሆነው።

ምስጋና ሁሉ፤ የሰውን ልጅ ፈጥሮ በልቡ ውስጥ የሚመላለሰውን ሐሳብ ለሚያውቅ፤ የተገለጠውና የተሰወረው በእርሱ ዘንድ እኩል ለሆነ፤ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባዋል። ሰላትና ሰላምም ገና ነቢይነት ሳይመጣለት «አል-አሚን» ማለት ታማኙ ተብሎ በተጠራው፤ በንግድ ወጥቶ በንግድ ሲገባ በሰው ገንዘብ ባልታማው በነቢያችን በሙሐመድ፤ በቤተሰቦቹና በባልደረቦቹም ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ እናንተ የአላህ ባሮች ሆይ! ነጋዴ ሱቁን ከሌባ በቁልፍ ይጠብቃል። ከአታላይ ደንበኛ የሚቀበለውን ብር ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመረምራል። ደላላ የነገረውን ዋጋ ሳያጣራ አይቀበልም። ነገር ግን ይህ ጠንቃቃ ሰው ራሱን በራሱ ሲያታልል የሚጠብቀው ቁልፍ የለውም፤ የሚያጣራበትም ሌላ ገበያ የለውም። አታላዩም ተታላዩም በአንድ ልብስ ውስጥ ስላሉ ክርክራቸውን የሚሰማ ጎረቤት አይገኝም።

በዚህ በልደታ ሰፈር የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት መኖሩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ አዳራሽ ከሳሽ በአንድ ወገን ይቆማል፤ ተከሳሽ በሌላው ወገን ይቆማል፤ ጠበቃ ስለ ተከሳሹ ይናገራል፤ ምስክር ያየውን ይመሰክራል፤ ዳኛው ሁሉንም ሰምቶ ይፈርዳል። ማንም ሰው በራሱ ጉዳይ ላይ ዳኛ ሆኖ እንዲቀመጥ አይፈቀድለትም። በልባችን ውስጥ የሚዘረጋው ችሎት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ ተከሳሹ እኛ ነን፤ ጠበቃው እኛ ነን፤ ምስክሩ እኛ ነን፤ ዳኛውም እኛው ነን። እንዲህ ባለው ችሎት ተፈርዶብን የወጣንበት ቀን ስንት እንደ ሆነ እስቲ እንቁጠር!

አላህ ሱብሐነሁ ወተዓላ በሱረቱል ቂያማ፤ ሰው የፈለገውን ያህል ማመካኛ ቢደረድርም በራሱ ነፍስ ላይ እርሱው ምስክር መሆኑን አሳውቆናል። እንግዲህ ምስክርነቱ ከዛሬ ጀምሮ በውስጣችን ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ማመካኛው የሚጋርደው ከእኛ ዓይን ብቻ ነው።

ይህን ነገር በግልጥ የሚያሳየን በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ የሆነው የተቡክ ዘመቻ ነው። ጊዜው ብርቱ ሙቀት ነበረ፤ በመዲና ፍሬው ደርሶ ጥላው ይናፈቅ ነበረ፤ መንገዱም ሩቅ ነበረ። ከእብን ማሊክ (ረ.ዐ.) የተባለው ባልደረባ በዚያ ወቅት ከመቼውም የበለጠ ጤናማና ባለሀብት መሆኑን ራሱ ተርኳል፤ ሁለት መጓጓዣ ግመሎችም በአንድ ጊዜ ኖረውት የማያውቅ ሰው ያን ጊዜ ሁለት ነበሩት። ጧት ጧት ስንቁን ሊያዘጋጅ ይወጣ ነበር፤ ምንም ሳይሠራ ይመለስ ነበር። በልቡም «በፈለግሁ ጊዜ ማድረግ እችላለሁ» ይል ነበር። ሠራዊቱ ሄደ፤ እርሱም «በአንድ ሁለት ቀን እደርስባቸዋለሁ» አለ። ቀኑም አለፈ፤ እርሱም ቀረ።

ልብ በሉ! ከእብ አንድም ቀን «አልሄድም» ብሎ አልወሰነም። አልሄድም ቢል ኖሮ ነፍሱ ትወቅሰው ነበር። ነገር ግን በየማለዳው «እሄዳለሁ» እያለ ስለ ነበረ፤ በየማለዳው ራሱን እንደ ሄደ አድርጎ ያስብ ነበር። የነፍስያ ትልቁ ተንኮል ይህ ነው፤ ሥራውን ሳታሠራ የሥራውን ደስታ አስቀድማ ታከፋፍላለች።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) በተመለሱ ጊዜ ከሰማንያ የሚበልጡ ሰዎች እየመጡ በመሐላ ማመካኛቸውን አቀረቡ። እርሳቸውም የአፋቸውን ተቀብለው የልባቸውን ለአላህ ተዉ። ከእብ ግን አንደበተ ርቱዕ ሰው ሆኖ ሳለ፤ በሌላ ሰው ፊት ቢሆን በንግግሩ ሊያመልጥ እንደሚችል እያወቀ፤ «ምንም ምክንያት አልነበረኝም» የሚለውን ቃል መረጠ። ከወገኖቹ አንዳንዶቹ ተከትለው «እንደ ሌሎቹ ማመካኛ ብታቀርብ ምን ነበረ?» እያሉ እስኪወላውል ድረስ ወቀሱት። እርሱ፤ ሙራራ እብን ረቢዕና ሂላል እብን ኡመያ አምሳ ቀን ሰው ሳያናግራቸው ቆዩ፤ ምድር በስፋቷ ጠበበቻቸው። ከዚያም ተውባቸው መቀበሉ በሱረቱ ተውባ ወረደ። ሰማንያዎቹ በዚያው ቀን በነፃ የተለቀቁ መሰላቸው፤ ሦስቱ የተቀጡ መሰሉ። መጨረሻውን ግን አየን።

በዚያው ዘመቻ ሌሎች ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱንም አስተያይታችሁ ተመልከቱ። አንደኛው ጀድ እብን ቀይስ ነው። እርሱ ሲጠራ «የሮማውያንን ሴቶች ባየሁ ጊዜ እፈተናለሁ ብዬ እፈራለሁና ፍቀዱልኝ» አለ። ስንፍናውን የጥንቃቄ ልብስ አለበሰው፤ ፈተናን እሸሻለሁ እያለ በፈተናው ውስጥ ወደቀ። ሁለተኞቹ ድሆች ናቸው፤ የሚጫኑበት ግመል አጥተው ወደ ነቢዩ መጡ፤ መጓጓዣ እንደሌለ በሰሙም ጊዜ ዓይኖቻቸው እንባ እያፈሰሱ ተመለሱ። የእነዚህ ምክንያት እውነተኛ ነበረ። ምልክቱ ምንድር ነው? እውነተኛ ምክንያት ያለው ሰው ያዝናል፤ ሐሰተኛ ማመካኛ ያለው ሰው እፎይ ይላል። በጎው ነገር ሲያመልጠን እንባ ቢመጣ ምክንያታችን እውነት ነው፤ ዕረፍት ቢሰማን ምክንያቱን የፈጠርነው እኛ ነን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! እኔም ከዚህ በሽታ ነፃ ነኝ ብዬ አልነግራችሁም። በደረሳነቴ ዘመን «ሌሊት ኪታብ ለማየት ጫት ያስፈልገኛል» እል ነበር። ቀለቤን አሳንሼ የቅጠል ዋጋ አወጣ ነበር፤ ይህንንም ዒልም መፈለግ ብዬ እጠራው ነበር። አንድ ቀን ሸይኻችን ጠርተው «ልጄ፤ ዛሬ ማታ ቅጠሉን ተወውና ከኪታቡ ጋር ብቻ ተቀመጥ» አሉኝ። ከዒሻ በኋላ ተቀመጥሁ፤ አንድ ገጽ ሳልጨርስ ተኛሁ። እኔም በማግሥቱ «ይኸው! ያለ ቅጠል እንደማይሆንልኝ አዩ» ብዬ ደስ እያለኝ ነገርኋቸው። እርሳቸውም «እንግዲያስ ዛሬ ደግሞ ቅጠሉን ያዝና ኪታቡን ለእኔ ተወው» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ፤ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ከጓደኞቼ ጋር እያወጋሁ ተቀመጥሁ፤ ኪታቡም አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። ጧት «ሌሊቱን ያስቀምጥህ የነበረው ከሁለቱ የትኛው ነው? አንተው ፍረድ» አሉኝ። ምን እላለሁ? አፈርሁ። ከዚያ ወዲያ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ያለውን ሰዓት ለትምህርቴ አደረግሁ፤ ያን ጊዜ ያጠናሁት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ በምርቃና ያጠናሁት ግን ከምርቃናው ጋር ሄዷል።

እኒያ ሸይኽ ያስተማሩኝን መፈተኛ ለእናንተም እሰጣችኋለሁ። የምታደርገውን ነገርና የምታቀርበውን ምክንያት ለያይተህ አኑራቸው። ነገሩን አንሣና ምክንያቱን ብቻ ተው፤ ቀጥሎም ምክንያቱን አንሣና ነገሩን ብቻ ተው። ልብህ ከየትኛው ጋር ሄደ? ከዚያ ጋር ነህ።

ጫት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ በ14ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ ስሙ ተነሥቷል። ዑለማዎችም ስለ ብያኔው ተለያይተዋል፤ በ974 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት እብን ሐጀር አል-ሀይተሚ ስለ እርሱ በጻፉት መልእክት ሰዎች እንዲርቁት አስጠንቅቀዋል። እኔ ዛሬ የፊቅሁን ክርክር አላነሣም፤ የማነሣው ማመካኛውን ነው። አንዱ «ቅጠል ብቻ ነው» ይላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1975 ከቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ተለይቶ ታውቋል፤ ይኸውም በጠባዩ አምፌታሚን ለሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ቅርብ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ በጥድፊያ ወደ ገበያ ያደርሰዋል። ሌላው «ለዱዓና ለዚክር ነው» ይላል። መልካም፤ በርጫው ከዙህር በኋላ ተጀምሮ ዐስር ሲገባ ማን ተነሣ? መግሪብስ በጀመዓ ተሰገደ ወይስ «ትንሽ ቆይቼ» ተባለለት? ሌላውም «ለሥራ ያነቃኛል» ይላል፤ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለው ግን «ምርቃናውን ለመስበር» እያለ ወደ ጨብሲ ይሄዳል። ተመልከቱ! ሙስሊም ሆኖ የመጠጥ ቤት በር የማያውቅ ሰው አንዱን ማመካኛ ይዞ ተነሥቶ በሁለተኛው ማመካኛ ከዚያ በር ደረሰ። ልጆቹም ቤት ሆነው የደብተር ዋጋ ይጠብቃሉ።

አሁን ወደ ሱቃችን እንግባ። ወለድ የሚበላ ሰው ዱሮ «ምን ላድርግ? ሌላ መንገድ የለም» ይል ነበር። ያን ጊዜ ለንግግሩ አንዳች መልክ ነበረው። ነገር ግን ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ እንዲቋቋም በአዋጅ ቁጥር 1159/2011 ተፈቀደ፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለ፤ ከእነርሱ አስቀድሞም ሌሎች ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት ከፍተው ነበር። ስሙ ብቻ ሥራን ያነጻል ማለቴ አይደለም፤ ውሉን እያነበቡ የሚያውቁትን መጠየቅ ያስፈልጋል። የምለው ይህን ነው፤ «መንገድ የለም» ይል የነበረ ሰው መንገዱ በተከፈተ ማግሥት ምን አለ? «ወረቀቱ ይበዛል፤ ጊዜ ይወስዳል» አለ። እንግዲህ የመንገዱ መታጣት ምክንያቱ አልነበረም፤ ምክንያት ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሲገኝ በተሰናበተ ነበር። «አረብኛ ስለማላውቅ ቁርኣንን አላነበብሁም» የሚለውም እንደዚሁ ነው። የቅዱስ ቁርኣን የአማርኛ ትርጉም በ1961 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል፤ ነገር ግን በስንቱ ቤት አቧራ ለብሶ ከቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል!

በሚዛኑም ነገር እንዲሁ ነው። አላህ በሱረቱል ሙጠፊፊን፤ ሲቀበሉ ሞልተው የሚቀበሉ፤ ሲሰጡ ግን የሚያጎድሉ ሰዎችን በወዮታ አስጠንቅቋል። ከኪሎ ላይ ጥቂት የሚያጎድል ሰው ራሱን ሌባ ብሎ አይጠራም፤ «የሱቁ ኪራይ ጨምሯል፤ ሁሉም እንዲሁ ያደርጋል፤ እኔም የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ» ይላል። ወንድሜ ሆይ! ያች ከፊትህ የቆመችው እናትም የምታሳድጋቸው ልጆች አሏት። የአንተ ልጆች ምክንያት ከሆኑ የእርሷ ልጆች ምን ሆኑ? «ሁሉም ያደርጋል» የሚለው ቃልስ በቂያማ ቀን ይረዳህ ይሆን? በዚያን ቀን ሁሉም ለየብቻው ይቆማል።

ደግሞ ብልሃት የሚፈልጉ አሉ። በባሕር ዳር የነበሩትን፤ በሰንበት ዓሣ ማጥመድ የተከለከሉትን የበኒ እስራኤል ሰዎች ታሪክ በሱረቱል አዕራፍ ታውቃላችሁ። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚተርኩት መረባቸውን በዋዜማው ይዘረጉ ነበር፤ በሰንበት እጃቸውን ያጥፉ ነበር፤ በማግሥቱም የተያዘውን ይሰበስቡ ነበር። «በሰንበት አላጠመድንም» የሚለው ቃላቸው በፊደሉ እውነት ነበረ። ነገር ግን አላህን በፊደል ማታለል አይቻልም። ዛሬም ወለድን «የአገልግሎት ዋጋ» ብሎ ከሰየመ፤ ጉቦንም «የሻይ» ብሎ ከጠራ በኋላ ልቡ ያረፈለት ሰው መረቡን በዋዜማው የዘረጋ ሰው ነው።

ከሁሉ የሚብሰው በዒባዳ ልብስ የሚመጣው ነው። እብሪት እንዳይመስላችሁና፤ ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉ) በኢሕያእ ኪታባቸው ስለ ነፍስ መታለል አንድ ክፍል ሲጽፉ ከኃጢአተኞች ይልቅ ዓሊሞችን፤ ሰጋጆችን፤ ባለሀብቶችንም በየተራ የጠሩት ስለዚህ ነው። በዚያው መጽሐፍ የበግዳዱ ዛሂድ የቢሽር አል-ሓፊ ታሪክ ይገኛል። አንድ ሰው ደግሞ ሐጅ ሊያደርግ ተነሥቶ ሊሰናበታቸው መጣ፤ ሁለት ሺህ ዲርሃም እንዳዘጋጀም ነገራቸው። እርሳቸውም የአላህን ውዴታ የሚሻ እንደ ሆነ ገንዘቡን ለባለዕዳ፤ ለድሀና ለየቲም አሳዳጊ በየቤቱ ቢሰጥ እንደሚበልጥ መከሩት። ሰውዬው ግን ልቡ ወደ ጉዞው እንደሚያዘነብል ተናገረ። እርሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ነፍስ ከንግድ በሰበሰበችው ገንዘብ የራሷን ምኞት በበጎ ሥራ ስም እንደምትፈጽም አስረዱት። ግዴታው ሐጅ በዕድሜ አንድ ጊዜ ነው። ከእኛም መካከል የሠራተኛውን ደመወዝ ሁለት ወር ይዞ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ መካ የሚገሠግሥ ቢኖር ያን መፈተኛ ይጠቀምበት፤ ማንም «ሐጂ» ብሎ የማይጠራውና ዘመድ የማይቀበለው ቢሆን ይሄድ ነበርን?

እናንተ የቤት እመቤቶችና እናቶች ሆይ! ቃሉ ለባሎቻችሁ ብቻ አይደለም። «ሰው ምን ይለናል» በሚል ማመካኛ ስንት ሠርግ በብድር ተደገሰ! ምክንያቱ ዝምድናን መቀጠል ነው ይባላል፤ ነገር ግን ድሀዋ አክስት ያልተጠራችበት ድግስ የትኛውን ዝምድና ቀጠለ? አባቶችም አስተውሉ፤ ስልክ ሲደወል ልጁን «የለም በለው» ብሎ የሚያዝ አባት፤ ያ ልጅ ነገ «መድረሳ ሄጃለሁ» ብሎ ሲዋሸው የሚያለቅሰው በራሱ ትምህርት ላይ ነው።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «አላህ መሓሪ ነው፤ በኋላም እቶብታለሁ» ይል ይሆናል። አላህ መሓሪ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የዩሱፍ ወንድሞች ወንድማቸውን ለማጥፋት ሲማከሩ ከዚያ በኋላ ደጋግ ሰዎች እንደሚሆኑ ለራሳቸው ተስፋ የሰጡት በዚሁ ቃል ነበር። ወንጀሉን ሳይሠሩት ተውባውን አስቀድመው ገዙት። ተስፋና መታለል ምን ይለያቸዋል? ገበሬው መሬቱን አርሶ፤ አለስልሶ፤ ጤፉን ዘርቶ፤ አረሙን ነቅሎ ከዚያ ወደ ሰማይ ቢያይ ይህ ተስፋ ነው። ያላረሰ ሰው ግን በመስከረም ማሳው ዳር ቆሞ «አላህ ቸር ነው» ቢል ቃሉ እውነት ነው፤ እርሱ ግን ታልሏል።

ነገር ግን ይህን ሰምታችሁ በነፍሳችሁ ላይ ከልክ ያለፈ ጭካኔ እንዳታደርጉ። ዲናችን ቀላል ነው። በሽተኛ ከጾም ተፈቅዶለታል፤ መንገደኛ ሶላቱን ያሳጥራል፤ ሐላል የሆነውን ምግብ፤ ዕረፍትና ጨዋታም አላህ አልከለከለም። ሥጋ በልቶ «አልሐምዱ ሊላህ፤ ጣፈጠኝ» የሚል ሰው አልታለለም። የታለለው ለፍላጎቱ የሌላ ስም ያወጣለት ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድር ነው? አንደኛ፤ ሥራህን በስሙ ጥራው። «አጎደልሁ» በል፤ «ዋሸሁ» በል፤ «ሰነፍሁ» በል። አባታችን አደምና ሐዋ ሲሳሳቱ ነፍሳችንን በደልን አሉ፤ ኢብሊስ ግን ለስሕተቱ ምክንያት አቀረበ፤ እንዲያውም ጥመቱን በጌታው ላይ አሳበበ። በአደም ልጅና በኢብሊስ መካከል ያለው መንገድ ከዚህ ቃል ላይ ይከፈላል። ሁለተኛ፤ የነገርኋችሁን መፈተኛ አትርሱ፤ ነገሩን ከምክንያቱ ለዩ። ሦስተኛ፤ ሱቅ ሲዘጋ የቀኑን ሽያጭ እንደምትቆጥሩ፤ ከመተኛታችሁ በፊት የነፍሳችሁን ሒሳብ ቁጠሩ። በ243 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አል-ሓሪስ «አል-ሙሓሲቢ» የተባሉት ነፍሳቸውን በመተሳሰብ ስለ ታወቁ ነው። አራተኛ፤ እውነቱን የሚነግርህ አንድ ወንድም ያዝ፤ ሰው ፊቱን ያለ መስተዋት አያይምና።

ከእናንተም የሠራተኛ ደመወዝ፤ የጎረቤት ዕዳ ወይም የእኅት ውርስ በእጁ ያለ ሰው ቢኖር፤ ዛሬ ከዚህ ተነሥቶ ሲሄድ «ነገ» የሚለውን የከእብን ቃል አይድገም። ከእብ ጊዜ አግኝቶ ተጸጸተ፤ እኛ ግን እስከ ነገ ስለ መቆየታችን ውል የለንም።

ጌታችን ሆይ! እውነትን እውነት አድርገህ አሳየን፤ መከተሉንም ስጠን። ሐሰትንም ሐሰት አድርገህ አሳየን፤ መራቁንም ስጠን። ማመካኛችንን ከእጃችን ንጠቅና በምትኩ ተውባን አኑርልን። ሚዛናችንን አስተካክል፤ ሲሳያችንን ሐላል አድርግልን፤ ልጆቻችንን ከክፉ ትምህርታችን ጠብቅልን። ለእኛ፤ ለወላጆቻችንና ለምእመናን ሁሉ ማር። አሚን፤ ያ ረበል ዓለሚን።